አንደኛ የሌለው ዓመት

ነሐሴ 27

ለላይኛዋ፣

ከመቀሴ፣ ከማበጠሪያዬና ወደ ግራ ብቻ ከሚዞረው የደንበኛ ወንበሬ የተላከ የክብር ሰላምታ ይድረስሽ። ሁላችንም ደህና ነን። ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት ያቃስታል ይሉታል። እኔ አላቃስትም፤ ባቃስትም አልሰማም።

ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቴ በፊት ይቅርታ። ሦስት ደብዳቤ ተቀብዬ አንድ መመለሴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩን ለምን አታነሳም ላልሽው፣ ስልኩ ታሟል። ከጥር ጀምሮ ጠጋኙ ዘንድ ተኝቷል፤ ጠጋኙም እንደ ትልቅ ሐኪም ግንባሩን አጨማዶ “እናያለን” ይላል እንጂ ቀን አይቆርጥም። ከሱቅህ በላይ ያለችው ክፍሌ ባዶ ናት ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አይደለችም። የጥርስ ሐኪም ገብቶባታል። ከጠዋት ጀምሮ መንጋጋ ሲቦረቡር ይውላል። አንቺ ትሰፊበት በነበረው መስኮት ሥር አሁን ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይጋደማሉ።

እንግዲህ ወደ ችሎቱ።

ይህ ሠላሳ አራተኛው የዓመቱ ዘፈኖች ዝርዝር ነው። የስፌት መኪናሽን አስጭነሽ፣ ባልሽን ተከትለሽ ከሄድሽ ወዲህ አንድም ዓመት አላጓደልንም። ሕጉን ስለምትረሺ (ትረሻለሽ፤ ማስረጃ አለኝ) እደግመዋለሁ። አንድ፣ ዘፈኑ የዘንድሮ መሆን አለበት፤ የድሮ ፍቅር ይዞ የቀረበ አመልካች ከበር ይመለሳል። ሁለት፣ ዘፈኑን ፈልገሽ አትሄጂም፤ እሱ ራሱ በግድግዳ፣ በመስኮት፣ በሚያልፍ መኪና መጥቶ ያገኝሻል፤ የአንቺ ድምፅ በወለሉ ጣውላ በኩል እዚህ ታች ድረስ ያገኘኝ እንደነበረው። ሦስት፣ የት እንደተሰማና እጅሽ ያን ጊዜ ምን ይዞ እንደነበር ይጻፋል። ሥራ የፈታ እጅ የሰማው ዘፈን አይቆጠርም።

ሰባተኛ። ያቺ በየዘፈኗ መጀመሪያ የገዛ ስሟን የምትጠራው ልጅ። በእኛ ጊዜ ስም የሚጠራው የመድረክ አስተዋዋቂ ነበር፤ እሱ ሥራ ስለፈታ ራሷ ያዘችው። የት፦ ሱቄ ውስጥ፣ ከታክሲ ነጂው ስልክ። በእጄ፦ መቀስ። የነጂው ራስ ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ጎን።

ስድስተኛ። ያ ሁለት ደቂቃ የማይሞላው። ለደንበኛው ውሃ ረጭቼ ማበጠሪያ እስካነሳ አለቀ። መግቢያ የለው፣ መውጫ የለው። ሰዉ ግን ወዶታል፤ አንገት አላሳርፍ አለ። በእጄ፦ የውሃ መርጫ።

አምስተኛ። ድምፁን በማሽን አስተኩሶ የሚዘፍነው ጎረምሳ። አንቺ ካውያ ታውቂያለሽ፤ ይሄኛው አንድ እጥፋት አልቀረውም። ቢሆንም የባንኩ ዘበኛ ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ወደ ላይ አነሳ። በእኔ ሙያ አገጭ የሚነሳው ለምላጭና ለፍቅር ብቻ ነው። በእጄ፦ ምላጭ።

አራተኛ። ርዕሱን አላውቅም። የሂሳብ መምህሩን ታስታውሺዋለሽ፤ ጡረታ ወጥቷል። አርባ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ እንደ ሐውልት ነው የተቀመጠው። ዘንድሮ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ጆሮውን ለጥቂት ሳትኩት። ጆሮ ሊያስቆርጥ የደረሰ ዘፈን አራተኛ ካልወጣ ፍርድ የት አለ?

ሦስተኛ። ወንድና ሴት ተራ በተራ የሚካሰሱበት። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዳቦ ሻጭ ስልኬን ካዋስኳት ወዲህ ሱቋን በዘፈን ሞልታዋለች፤ ዳቦ እየደረደረች በትከሻዋ ትፈርዳለች። ሁልጊዜ ለሴቲቱ ነው የምትፈርደው። በእጄ፦ የበሩ መጋረጃ።

ሁለተኛ። ይህን ልብ ብለሽ አንብቢ። ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። በሐምሌ አንድ ጠዋት አንሶላ እያሰጣች ስትዘፍን አየኋት። የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ እጇ እየተወራጨ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ! መጨረሻው ላይ ማንጠልጠያውን ወረወረችው። እንዲህ ከልቡ የሚዘፍን ሰው ከአንቺ ወዲህ አልገጠመኝም። በእጄ፦ ፎጣ፤ ወድቆብኝ ነበር።

አንደኛ። ባዶ። ሠላሳ አራት ዓመት ስዳኝ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ችሎቱ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም።

የአንቺን ዝርዝር እጠብቃለሁ። ስለ ጉልበትሽም ንገሪኝ።

ታችኛው


መስከረም 10

ለታችኛው፣

ለመቀሱም፣ ለማበጠሪያውም፣ ለወንበሩም በየተራ ሰላም በልልኝ። እነሱ አልበደሉኝም።

አንተን ግን ልጠይቅህ። ስልኩ በመጀመሪያው ገጽ ታሞ ጠጋኝ ዘንድ ተኝቷል። በሦስተኛው ገጽ ድኖ ዳቦ ሻጯ ዘንድ ዘፈን ያስነካል። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈውስ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ጥር ደውዬ የባሌን ሞት ስነግርህ “ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው” ያልከኝን፣ ደንግጦ ነው ብዬ ውጬዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስልክ አንስተህ አታውቅም። የተቀየምክ አንተ፣ ባሏ የሞተባት እኔ! ይሁን።

ዝርዝርህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ጎደለኝ። ድሮ “ክራሩ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይዋሻል፣ ዘፋኙ ትንፋሹን ሰርቆ ነው የጨረሰው” እያልክ ሁለት ገጽ ትፈጅ ነበር። ዘንድሮ ሁሉም አንገት ነው። አንገት፣ አገጭ፣ ትከሻ። ዘፈን ነው የምትዳኘው ወይስ ሸሚዝ ልትለካ ነው? የአንገት ልኬት የእኔ ሥራ እንጂ የአንተ አይደለም።

የእኔ ዝርዝር አጭር ነው። በዚህ ቤት ዘፈን መጥቶ አያገኝህም። ልጄ፣ ምራቴና የልጅ ልጄ ሦስቱም ጆሯቸውን ወትፈው ነው የሚውሉት። ዘፈን እዚህ እንደ ሐሜት ሆኗል፤ ሁሉም ለብቻው ሰምቶ ለብቻው ፈገግ ይላል። ራት ላይ አንዱ ራሱን ሲነቀንቅ የተናገርኩት ገብቶት ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ስለዚህ የዓመቱ ዘፈኔ የልብስ ማጠቢያው ሥራውን ሲጨርስ የሚያዜማት ናት። አትሳቅ። የተገዛው ዘንድሮ ነው፤ ሕግ አንድ ተሟልቷል። ራሷ መጥታ ነው ያገኘችኝ። በእጄ፦ እርጥብ ካልሲ። በዚህ ቤት እኔ እንድሰማው ተብሎ የሚዜመው እሱ ብቻ ነው።

ወደማልወደው ወሬ ልግባ። ልጄ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነው። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው። “እማዬ፣ አንቺ ቦታ አታጪም፤ መኪናሽ ግን...” አለኝና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ውሃ ሊጠጣ ሄደ። ምራቴ የስፌት መኪናዬን ፎቶ አንስታ “ለሚፈልግ” ብላ ለጥፋዋለች። የሚፈልግ እስካሁን አልተገኘም። እኔም አልተገኘሁም መሰለኝ።

ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅህ፣ ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። ያ የጥርስ ሐኪም መቼ ነው የሚወጣው? በታኅሣሥ እዚህ ቤት አንኖርም። የምሄድበትን ከወዲሁ ማወቅ አለብኝ።

አንደኛ ቦታህ ባዶ ነው ስላልከኝ ካሴት ልኬልሃለሁ። ስሄድ የሰጠኸኝ ያ ቴፕ አሁንም ይሠራል። ዘፈኗ የራሴ ናት፤ ሦስት ስንኝ ናት፤ በሰኔ ጠርዝ ስዘመዝም መጣችብኝ። ከስንት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የምትሰማት አንተ ነህ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ይሰበራል። ልተወው ወይስ ላስተካክለው? እውነቱን ፍረድ።

ስለ ጉልበቴ የጠየቅከውን አልፌዋለሁ።

ላይኛዋ


መስከረም 24

ለላይኛዋ፣

ካሴቱ ደረሰኝ! ሱቁን ዘግቼ፣ በሩ ላይ “ችሎት ላይ ነኝ” ብዬ ለጥፌ፣ ፎጣዎቹን ሁሉ አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ምን ልበልሽ? ድምፅሽ አንድ ቀን አላረጀም። ያው የጣውላው ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ዝግ ብሎ ገባ፤ ሁለተኛው ወገቡን ያዘ። ሦስተኛው ላይ ድምፅሽ የተሰበረው ደግሞ ትክክል ነው፤ እንዳትነኪው። መሐል ላይ አንድ ጊዜ የሳልሽ መሰለኝ፤ ሳሉም ዜማውን ጠብቆ ነው የመጣው። ዛሬ ዘፋኝ ሁሉ ሳሉን ቆርጦ ይጥላል፤ የአንቺ ሳል ብቻውን አምስተኛ ይወጣ ነበር።

ችሎቱ በሙሉ ድምፅ፣ ማለትም በእኔ ድምፅ፣ አንደኛውን ቦታ ለአንቺ ሰጥቷል። በእጄ፦ ምንም አልነበረም፤ መዳፌን ቴፑ ላይ አድርጌ ነው የሰማሁት። ሕግ ሦስትን ጥሻለሁ። ይግባኝ ባይ ካለ ይምጣ።

ጣውላው ሲነሳ የመጥረጊያዬን እንጨት አስታወስኩ። አንቺ ከላይ ስትጨርሺ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ሦስት ጊዜ መታ መታ መታ ሳደርግ “ድገሚ” ማለት ነበር። አንዴ ከሆነ “ደንበኛው እንቅልፍ ወስዶታል፣ ቀስ በይ”። ያ እንጨት አሁንም አለ፤ ጥርሱ ብቻ ነው የረገፈው።

ጥርስ ካልኩ አይቀር፣ ሐኪሙ ለአምስት ዓመት ፈርሟል። ሰውየው ጥሩ ነው፤ ማባረር አይቻልም። ደግሞ ደረጃው ተሰብሯል። የቡርቦራው ጩኸትም ጭንቅላት ያዞራል። መስኮቱም አይከፈትም። አትምጪ አላልኩሽም። ቢሆንም ልጅሽ ደህና ልጅ ነው፤ ከእሱ ጋር ብትሆኚ ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ደክሞት ስለሆነ ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅርታ።

ታችኛው


ጥቅምት 6

ለተከበሩ ፀጉር አስተካካይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ምስጋናዎ ልቤን ነፍቶት፣ ሌላ ዘፈን ልቀዳልዎ ትናንት ቴፑ ፊት ተቀምጬ ነበር። ዘፈንኩና መልሼ ላዳምጥ አልኩ። ዝም። ካሴቱን ገልብጬ ሞከርኩ። ዝም። ለካ ይህ ቴፕ ለመቅዳት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ይፈልጋል፤ ቀዩንና ከጎኑ ያለውን። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። እኔ ማጫወቻውን ብቻ ነው የተጫንኩት። ትናንትም፣ በመስከረምም።

ስለዚህ የላክሁልዎ ካሴት ባዶ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ ዝግ ብሎ የገባ፣ በሁለተኛው ወገቡን የያዘ፣ በሦስተኛው በትክክል የተሰበረ ባዶ ካሴት። ሳሌንም የት እንዳገኙት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ካሴቱን ከፖስታው ሳያወጡት ኖሯል። ሠላሳ አራት ዓመት አንብቤ ያመንኩዎትን ዝርዝርም እንዲሁ ሠርተውት እንደሆነ ከአሁን በኋላ በምን አውቃለሁ? የጥርስ ሐኪምዎን ሰላም ይበሉልኝ። አልመጣም፤ አይስጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 15

ለላይኛዋ፣

“እርስዎ” አልሽኝ። ደብዳቤውን ለወንበሩ እንኳ አላሳየሁትም።

ካሴቱን አውጥቼዋለሁ። ዛሬ እውነቱን እጽፋለሁ። ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አልሰማም። እንግዲህ ተጻፈ። ጆሮዬ ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ የጠፋው የመቀሴ ድምፅ ነበር። አንድ ጠዋት ደንበኛ ፀጉር ስቆርጥ መቀሱ ዝም አለ። ደነዘ ብዬ ሳልሁት፤ ዝም። አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ዝም። ሦስተኛውን ስገዛ ሻጩ “ጋሼ፣ መቀስ ይሰበስባሉ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ የማንቆርቆሪያው፣ ከዚያ የመንገዱ፣ ከዚያ የሰው። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ መሣሪያም ጆሮዬ ውስጥ ከተውልኝ ነበር። የዓለምን ጫጫታ ሁሉ ሰብስቦ እንደ ቆርቆሮ ያንኳኳዋል። አንድም ቃል አይለይ። መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

በጥር የደወልሽ ጊዜ ድምፅሽ እንደ ንብ ነበር የሚመጣልኝ። አንቺ መሆንሽን ብቻ አወቅሁ፤ በዚያው ደስ አለኝ። የምትይውን አንዱንም አልያዝኩ። ዝም ብል ይታወቅብኛል ብዬ በየመሐሉ “ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው” አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጥሩ ነው ያልኩት ምን እንደሆነ አነበብኩ። ያን ቀን ስልኩን ወስጄ ለዳቦ ሻጯ ሰጠሁ። አላዋስኳትም፤ ሰጠኋት።

አንቺ ትቆጫለሽ እንጂ ስለ አንገት የጻፍኩት ውሸት አይደለም። የደንበኛ ራስ በሁለት እጄ መሐል ነው የሚውለው። ዘፈን ሲገባበት አውቃለሁ፤ መጥፎው ዘፈን አንገት ላይ ይቀራል፣ ጥሩው እስከ ትከሻ ይወርዳል። ርዕሱን ከስልካቸው አነባለሁ፤ የቀረውን ዳቦ ሻጯ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፋ ትሰጠኛለች። “ስሟን ትጠራለች”፣ “ቶሎ ያልቃል”፣ “ይካሰሳሉ” የሚለው የእሷ ነው። ያለ ጆሮ ልዳኝ የምችለውን ያህል ዳኝቻለሁ። ሁለተኛውን ግን እሽራለሁ። ዝርዝሩን ከላክሁ በኋላ ለዳቦ ሻጯ ስለዚያች ልብስ አስጪ ብነግራት ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ “ጋሼ፣ ሴትየዋ አልዘፈነችም። በስልክ ከእህቷ ጋር ስትሰዳደብ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።” ሰፈሩ ሁሉ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ካሴቱንም በእውነት ነው የሰማሁት፤ የተናገርኩት ሁሉ በመዳፌ የመጣ ነው። እጄን ሳስቀምጥበት ቴፑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝግ አለ፣ ከረር አለ፣ አንድ ጊዜ ደንቀፍ አለ። እሱን ነው ሳል ያልኩት። ለካ የሞተሩ ነው። እኔ ግን አንቺን ነበር የያዝኩ የመሰለኝ። ሦስት ጊዜ ነው ደጋግሜ የያዝኩሽ።

የጥርስ ሐኪም የለም። ኖሮም አያውቅም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በክፍሉ የገባ አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው፤ ሦስት ወር ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነበር፣ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ስለዚህ አስወጣሁት። በዓመት አንዴ ዝርዝሩን ከመጻፌ በፊት ወጥቼ እጠርጋለሁ። ከጣውላው ስንጥቅ አሁንም ስፒልሽ ይወጣል። ዘንድሮ አራት አገኘሁ። ደረጃው ደህና ነው። መስኮቱም ይከፈታል።

ታዲያ ለምን ዋሸህ ትይኛለሽ። አንቺ ከላይ ሆነሽ ትዘፍኛለሽ። ጨርሰሽ የመጥረጊያውን እንጨት ትጠብቂያለሽ። እኔ ከታች መዘፈኑን እንኳ አላውቅም። ያን ዝምታ ከላይ ሆነሽ ከምትሰሚው፣ ሩቅ ሆነሽ እንድታስቢኝ መረጥኩ። በዚህ ዓለም ላይ መስማት የምፈልገው አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ እሱ ሲመጣ ቤት አለመኖሬ አሳፈረኝ።

የዳኝነቱን ሹመት በዚህ ደብዳቤ መልሻለሁ።

ታችኛው


ጥቅምት 28

ለታችኛው፣

ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ልብስ አስጪዋ ትዝ አለችኝና ሾርባው በአፍንጫዬ ወጣ፤ ምራቴ ጆሮዋን ፈትታ “ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ። በአራተኛው ቀን ወደ መኪናዬ ዞሬ አለቀስኩ። አሁን ጨርሻለሁ።

አንተ ተናዝዘሃል፤ እኔ አልቀርም። ያንን ካሴት ስልክልህ ፈርቼ ነበር። ድምፄ የለም እኮ! ያ የምታውቀው ድምፅ ከሄደ ቆይቷል። የቀረው የተሰነጠቀ ነው፤ ቀጭን ላይ ስወጣ ወንበርህ ነው የሚመስለው። ባሌ ዘፈን አይወድም ነበር፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ራስ ምታት ነበረበት። ሳልዘፍን ስኖር መንገዱ ዳዋ በላው። እና አንተ “አንድ ቀን አላረጀም” ብለህ ስትጽፍልኝ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ልጃገረድ ሆኜ ከረምኩ። መስታወት አየሁ። የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራሁ ለራሴ ሳቅሁ። ካሴቱ ባዶ መሆኑን ሳውቅ ያንገበገበኝ መዋሸትህ አይደለም፤ ውሸቱ ስለጣመኝ ነው።

አሁን እስቲ አስበው። አንተ የማትሰማ፣ እኔ ድምፅ የሌለኝ። ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ዘፋኝና አድማጭ በየትኛው አዳራሽ ተገናኝቶ ያውቃል? የሚያፍር ካለ ሁለታችንም እንፈር፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እንፈር።

ጉልበቴን ጠይቀኸኝ ነበር። ቀኙ መርገጫ አይረግጥም፤ በግራዬ ነው የምሰፋው። ደረጃም ጠላቴ ነው። የአንተ ደረጃ አሥራ ሰባት ነው፤ አልረሳሁትም። አንዴ ልወጣው እችላለሁ፤ በየቀኑ መውጣትና መውረድ ግን አታስብ። ከዚህ በኋላ የሚመላለሰው አንተ ነህ።

ሹመቱን መመለስ አይቻልም። በሕጉ ላይ ስንብት የሚል አንቀጽ የለም።

ማክሰኞ ኅዳር 8፣ ከቀትር በፊት በሚገባው አውቶቡስ እመጣለሁ። መኪናዋም ትመጣለች፤ ምራቴ ማስታወቂያውን ስታነሳ ደስ ብሏታል፤ እኔን ማቀፏም ከልቧ ነበር። ጣቢያ ስትመጣ ጮክ ብዬ አልጠራህም። አንተ ነህ የምትጠራኝ፤ ድምፅህ እንዴት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። ለጥርስ ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ስጠው። አራቱን ስፒሎች አትጣል፤ የእኔ ናቸው።

ላይኛዋ


ኅዳር 20፣ ከታች

ለላይኛዋ፣

ይህን በበርሽ ሥር አሳልፌ የምሄደው ፊት ለፊት ብነግርሽ ስለምትስቂብኝ ነው።

የተሻሻለው የዓመቱ ዝርዝር። አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው።

አንደኛ። የት፦ ሱቄ ውስጥ፣ ሰኞ ከቀትር በፊት፣ ደንበኛ ሳይገባ። በእጄ፦ የመጥረጊያው እንጨት። ኮርኒሱን ልጠርግ አንስቼው ጫፉ ጣውላውን ሲነካ እጄ ውስጥ መጣ። አንቺ ነሽ! ከጣቶቼ ጀምሮ እስከ ክንዴ ወጣ፤ ከክንዴ እስከ ጥርሴ። ዝግ ብሎ ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ረጅም መንገድ ሮጠ። ሦስተኛው ላይ ተሰበረ። በቁሜ ጨረስኩት። ሲያልቅ ሦስት ጊዜ መታሁ፤ ሰምተሻል?

ፍርዱ የመጨረሻ ነው።

ታችኛው


ኅዳር 20፣ ከላይ

ለታችኛው፣

ሦስቱንም ሰምቻለሁ። መልስ ያልሰጠሁት ፍርዱን በጽሑፍ ልሽረው ፈልጌ ነው።

ሰኞ ዕለት አልዘፈንኩም። የዳቦ ሻጯን ሽርጥ እየሰፋሁ ነበር። ዝግ ብሎ የጀመረው የግራ እግሬ ነው። ያቆመው ክር ስለተበጠሰ ነው። ረጅም መንገድ የሮጠው የታችኛው ጠርዝ ነው፤ ሴትየዋ ሰፊ ናት። ሦስተኛው ላይ የተሰበረው መርፌዬ ነው። በዚህ ዓመት ፀብ አንዴ፣ ሞተር አንዴ፣ የስፌት መኪና አንዴ ሸልመሃል። አንድም ጊዜ ዘፈን አልሸለምክም።

አንደኛው ቦታ እንደገና ባዶ ነው።

ዘፈኑን አሁን ልጀምር ነው። ሕግ ሁለት ዘፈኑ ራሱ ይምጣ ይላል፤ ጉልበቴ ሕግ አያውቅም፤ ስለዚህ አንተ ውጣ። በሩ ላይ “ችሎት ላይ ነኝ” ብለህ ለጥፍና መጥረጊያውን እዚያው ተወው። አንገት አውቃለሁ ብለሃል፤ መዳፍህን የምታስቀምጠው አንገቴ ላይ ነው። ሲሰበር ታውቀዋለህ፤ ሳሉንም እዚያው ታገኘዋለህ።

እጅህን ግን አሙቀህ ና። ያኔም ቀዝቃዛ ነበር።

ላይኛዋ